የቅሬው ኤሲ

ሰኢዳ ሮድስ ራንች የሚባለው ሰፈር ደርሳ የቡርሃን ቤት መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ስትቆም ንዴቷ ከሙቀቱ ይብስ ነበር። ከነጋ ሦስት ጊዜ ብትደውልለት አላነሳም። ሹመት ጆሮ ይደፍናል እንዴ? ቡርሃን የቅሬው ዳኛ ነው፤ ቅሬው ደግሞ የወሎ ልጆች እዚህ ላስ ቬጋስ ያቋቋሙት እድር። ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ባለጎማው ኤሲም የሁሉም ነው። ደንቡ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ዕቃ ሰባት ቀን አይነካም ይላል።

ቡርሃን የአክስቱን መርዶ ከሰማ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኛው ጋራዡ ውስጥ ኤሲው ፊት ተኮልኩሎ ስለ ሥራ ሺፍትና ስለ ቲፕ ያወጋል። የሰኢዳ አባት ግን ሰንራይዝ ማነር ሰፈር፣ የቤቱ ኤሲ በተበላሸበት አፓርታማ ውስጥ፣ በዚያ በታመመ ልባቸው አልጋ ላይ ያቃስታሉ። አከራዩ "ሰኞ አሠራዋለሁ" ብሏል። ሱቁን ሁሉ ዞራ አንድ ኤሲ አላገኘችም።

"ጋሽ ቡርሃን፣ አባዬ ሊሞትብኝ ነው። የእርስዎ ቤት ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን ይስጡኝ።"

"ደንቡን እያወቅሽ! የጋራ ዕቃ ነው፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ሁለት ቀን ታገሺ።"

"ሁለት ቀን? ያኔማ ለቅሶው እኔ ቤት ይሆናላ!"

ሄዳ የኤሲውን ገመድ ነቀለችው።

"ኧረ ነውር ነው!" አለ ጎረቤቷ ነስሩ።

"ነውሩስ የእናንተ! ለሬሳ ሲሆን ሩጫ፣ ለሚተነፍስ ሰው ደንብ!"

ቡርሃን ከወንበሩ ተነሳ። "ውሰጂው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥተሻል። እሳትና ውሃ ተከልክለሻል። አባትሽ ሲሞቱ ደጃፍሽን የሚረግጥ ቀባሪ አታገኚም።"

"ኧረ ተው" የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ነስሩ እንኳ አንገቱን ደፋ።

"አንተን ብሎ ዳኛ!" አለችና ኤሲውን እየገፋች ወጣች። ብቻዋን መኪናው ላይ ጫነችው። አባቷ አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ በሰው አገር ያለ ቀባሪ መቅረትን።

አፓርታማው ገብታ ኤሲውን ሰካችው፤ ቅዝቃዜው ፊታቸውን ሲነካው አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ቅሬው ነው የሰጠሽ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። "አላህ ይስጣቸው። ወገን ማለት ይሄ ነው። ስሞትም እነሱው ይቀብሩኛል፤ አሁን ሐሳብ የለብኝም።"

ሰኢዳ ቡርሃንን በሆዷ እየረገመች፣ "አሚን" አለች።