የጠቆረው ዘይት

ኤኔሪያ ባኒ ከተማ ውስጥ ከቤቷ ደጃፍ የአሳማ ቆዳና ሙዝ እየጠበሰች ትሸጣለች። በሥራዋ አፍራ አታውቅም፤ የሚቀፋት የአባቷ የዶን ሌዎንሲዮ አበላል ነው። መቶ አርባ ኪሎ ገብቷል። ጮማው በአገጩ እየወረደ፣ ጣቱን እየላሰ፣ ሳህኑ ሳይጎድል "ጨምሪ!" ይላታል። ስኳር ከያዘው ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኪኒኑን የሚውጠው ግን በለስላሳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ሰሞኑን የጠጠሮቹን ነጥብ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ መቁጠር ጀመረ። ሰዉ ጉራ መሰለው። ቆይቶ ግን የወረደውንም ጠጠር ይረሳ ጀመር።

"አበልጄ፣ አምስት እኮ አልቋል! አምስት ነጥብ ያለባቸው ሰባቱም ጠጠሮች ወርደዋል!" አለው ቱሪቢዮ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛውና የጨዋታ አጋሩ። "ልጅህ ጭንቅላትህንም ጠበሰችልህ እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። ኤኔሪያ አልሳቀችም።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ቀን የጠበሰችበትን ዘይት ልትደፋው በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጣ ከጠረጴዛው ሥር አኖረችው። ቆዳ ልትከትፍ ዞር ከማለቷ አባቷ ለስላሳ መስሎት ጠርሙሱን አንስቶ ወደ አፉ ያንቆረቁረዋል።

"አባዬ፣ ተው! ዘይት ነው!"

ጥቁሩ ዘይት በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል፤ የከሰለ ፍርፋሪ ከጥርሱ ተጣብቋል።

"ጋዙ ወጥቷል እንጂ አይከፋም" አለ ከንፈሩን እየላሰ።

ኤኔሪያ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሰች።

ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ የዓይኑን ውስጥ አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ከዓይኑ ኋላ ያሉት ደም ሥሮች እየደሙ ነው። ስኳሩና ውፍረቱ የአንጎሉንም ቀጫጭን ሥሮች ሳይጎዱ አልቀሩም፤ የሚረሳው ለዚህ ይመስለኛል። ቤት ምን ይበላል?"

"የምሸጠውን" አለች ኤኔሪያ። ከቀሚሷ የሚወጣው የስብ ሽታ ያን ጊዜ ለራሷ ከረፋት።

ግራ ዓይኑ አልተረፈም። ቀኙን በሌዘር ጨረር ሕክምና አቆዩለት፤ የሚያይበት ግን ብዥ ብሎ ነው። ኤኔሪያ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌላት መጥበሱን አልተወችም፤ የእሱን ማዕድ ግን ለየች፤ ባቄላ፣ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠል። "የፍየል መኖ!" እያለ ይተፋዋል፤ የተፋውን ጠርጋ ሌላ ታቀርብለታለች።

አንድ ቀን ቱሪቢዮ በወረቀት የጠቀለለውን የአሳማ ቆዳ ሊያጎርሰው ሲል ያዘችው። ወረቀቱ በጮማ ርሶ እጁ ላይ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ ቱሪቢዮ፣ አያፍሩም?"

"ልጄ፣ በፍቅር እኮ ነው።"

"ፍቅርዎን ቤትዎ ይውሰዱት! ዓይኑን በልታችሁታል፤ ምኑ ቀራችሁ?"

"ማንን ነው የምትቆጪው?" አለ አባቷ አንገቱን እያዞረ። "ማን መጣ?"

ድምፁ እንኳ ያልታወቀለት ቱሪቢዮ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊቱ ቆሟል። ወረቀቱን አስቀምጦ ጮማ የነካውን እጁን በሱሪው ጠራረገ፤ ደጋግሞ ጠራረገው።