ባለጭራ ትሎቹን የደፋሁ ጊዜ

ልጄ እናትዓለም ፔዳ ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ ትማራለች ብዬ ስኩራራ፣ ትል ልታረባብሽ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሰባ አራት ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የብራናውን ቆዳ የሚዘፈዝፉበት በርሜል ጓሮ ተቀምጧል። እሳቸው መጽሐፍ ሊጽፉ ወደ ደሴት ገዳም ከተሻገሩ ወር አልፏቸው፣ ውኃው ሸተተ። ውስጡ ጭራቸው ከገላቸው የሚረዝም ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«እማዬ፣ እንዳትነኪያቸው» አለችኝ። «ጭራቸው መተንፈሻቸው ነው፤ ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይስቡበታል። መምህሬ አሳድገሽ ምን እንደሚሆኑ አሳዪኝ ብሎኛል። የመመረቂያ ሥራዬ ነው።»

ሁለት ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ አሳድጋ፣ ትልልቅ ሲሆኑ ሞተውባታል። የቀራት በርሜሉ ብቻ ነበር።

ለሳምንት ያህል አፍንጫዬን ይዤ ቻልሁ። ከዚያ የቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ ቅዳሜ ቤት ለቤት ይዞራል ተባለ። የእኔ ስም ደግሞ በቆሻሻ ተነሥቶ አያውቅም። ልጅቷ ትምህርት ላይ ሳለች በርሜሉን ገፍቼ የድንብላል መደቤ ላይ ገለበጥሁት።

ማታ መጥታ ባዶውን በርሜል አየች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም መልስ አላጣም። ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም፣ በሠልስቱም ዝም። አንድ ገበታ ቀርቦ ሳይነጋገሩ መብላት እንዴት አንጀት እንደሚያሳርር የቀመሰው ያውቀዋል። ሌላ ውኃ እስኪሸት ዓመቱ ያልቃል፤ ልጄን ከምርቃት ላስቀራት ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ ለቀማ ገባሁ። ማንኪያ ይዤ ድንብላሉ ሥር ተንበረከክሁ። የሚንቀሳቀስ ትል አጣሁ። ደረቁን አፈር ስጭር ግን ጭራ ያላት ቡናማ ፍሬ አገኘሁ፤ ቀጥሎም ሌላ። አሥራ ሰባት ሆኑ። የሞቱ መሰለኝ። ሬሳቸውን እንኳ ልመልስላት ብዬ ከነአፈሩ ጣሳ ውስጥ አድርጌ አፉን በሻሽ አሰርሁት። ተቀበለችኝ፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ጧት ሻሹ ሥር ጥዝ የሚል ነገር ሰማሁ።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» አለች።

ንብ የሚመስል ግን ከንብ ያነሰ ዝንብ ነው፤ ዓይኑ ላይ ነጠብጣብ አለው። አንዱን ለቀቀችው። የድንብላሉ አበባ አጠገብ ሄዶ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ አበባው ላይ አርፎ ይልስ ጀመር። ያ ሁሉ ግማት ይህን ወለደ ብዬ ደነቀኝ።

«ለካ ሲጎለምሱ ከውኃው ወጥተው ደረቅ አፈር ነው የሚፈልጉት» አለች። «ጠርሙስ ውስጥ ዘግቼ የገደልኋቸው እኔው ነኝ።»

በወሩ መምህሯ አቶ አስማማው ቤታችን ድረስ መጡ። እናትዓለም ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች።

«ተማሪዎቼ በራሳቸው እንዲደርሱበት ብዬ የደረቁን አፈር ነገር አልነገርኋቸውም ነበር፤ ከእሷ በቀር የደረሰበት የለም» አሉኝ። «እሷም ጽሑፏ ላይ ‹እናቴ ወይዘሮ አገርነሽ ጊዜያቸው መድረሱን አይታ ወደ አፈር አወጣቻቸው› ብላለች። በምን አወቁ፣ እሜቴ?»

እኔ ደግሞ እውነት ሆዴ ውስጥ አያድርም። ልናገር አፌን ስከፍት፣ እናትዓለም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ተመሰገንሁ።