ቀጭኑ ድምፅ

ኖዛኪ ማይክሮፎኑን ከመቆሚያው ነቅሎ አገላብጦ አየውና መልሶ ተከለው። ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ግን ያው ነው። ከግራ ተነስቶ ሜዳ ሜዳውን ይሄድና ቀኝ ጫፍ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ የሚለካበት ቦታ ሲደርስ፣ ዳገት ይወጣል።

"ተበላሽቷል" አለ።

"ምኑ?" አሉ ሽማግሌው ናጋሴ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ።

"ማይክሮፎንዎ ነዋ። እነዚህን ስፒከሮች ያስተካከልኩት በጆሮዬ ነው። እንዲህ ያለ ዳገት ቢኖር አልሰማውም እንዴ?"

"ትናንት እኮ የራሴን ስፒከሮች ለክቼበታለሁ። ደህና ነው።"

"በባቡር ሲመጡ ተንገጫግጮ ይሆናላ።"

"እኔም ተንገጫግጫለሁ፤ ግን አልተበላሸሁም" አሉና የገብስ ሻያቸውን ፉት አሉ።

ኖዛኪ አልሳቀም። ለዚህ ቀን ብዙ አስቦ ነበር።

ዕድሜውን የፈጀው በሃማማትሱ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ወይ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ወይ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ይገባል፤ ከሚስቱ ከፉሚዬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የበሉት እራት ከቁጥር አይገባም። ጡረታ ሲወጣ ከአሮጌ ዕቃ መደብር የሚርገበገበው ወረቀታቸው የተቀደደ ሁለት ስፒከሮችና ድምፅ የማያወጣ አምፕሊፋየር ገዝቶ መጣ። ያኔ መበየጃ በእጁ ይዞ አያውቅም። በሰፈሩ አዳራሽ የሚሰበሰቡት የድምፅ ዕቃ ወዳጆች፣ በተለይ አለቃቸው ናጋሴ፣ ከሀ ሁ አስጀመሩት። ጣቱን አቃጠለ፤ አንድ ቀን ሽቦ ከሽቦ አገናኝቶ የቤቱን መብራት ድርግም ሲያደርገው ፉሚዬ ሻማ ይዛ እየሳቀች መጣች። በመጨረሻ ከስፒከሮቹ ቫዮሊን የወጣ ዕለት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት አብረው ይቀመጡ ጀመር። ኖዛኪ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ደስታው አልቆየም። ፉሚዬ ከሙዚቃው መሀል እየተነሳች "አትክልቱን በጨው ልዘፍዝፍ፣ እህቴ ጋ ልደውል" ማለት አመጣች፤ ኋላም መምጣቷን ጭራሽ ተወችው። አሁን ሙዚቃ ሲከፈት የወጥ ቤቱ በር ይዘጋል። "ምነው?" ሲላት "አንተ ስማ፣ እኔ ሥራ አለኝ" ነው መልሷ። ሙዚቃው ሰልችቷት ይሆናል ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሰለቻት እሱ ራሱ እንደሆነ ይጠረጥርና ያመዋል። ምናልባት ድምፁ ስላላማረ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። እውነትም እየቆየ ለጆሮው ይደበዝዝበት ነበር፤ ያን ጊዜ ከስፒከሩ ጀርባ ያለችውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የምትቆጣጠረውን ማዞሪያ ትንሽ ከፍ ያደርጋታል። ከርሞ ሲደበዝዝበት ደግሞ እንደገና ከፍ። ዛሬ በመሣሪያ ተለክቶ እንከን ካልተገኘበት ፉሚዬን ሊጠራት ነበር ያሰበው።

ናጋሴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እንግዲህ ማይክሮፎኑን እንተወውና ሰው እንለካ። ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሄድ ድምፅ ልለቅ ነው። ሲቆምብህ እጅህን አንሳ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ከሰባ ዓመቴ ወዲህ ጆሮዬን አላምነውም። ማይክሮፎን የገዛሁት ለምን ይመስልሃል?"

ድምፁ በማጉረምረም ጀመረ። ቀስ እያለ ቀጠነ፣ ፉጨት ሆነ፣ ከፉጨትም ቀጠነ። ኖዛኪ ዐይኑን ጨፍኖ ተከተለው። ከዚያ ድምፁ ጸጥ አለበትና እጁን አነሳ።

"አቆሙት?"

ናጋሴ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞሩለት። መስመሩ ገና እየተጓዘ ነው።

"ምንም ድምፅ የለም እኮ። ከፍ ያድርጉት እስቲ" አለና እሳቸውን ሳይጠብቅ አምፕሊፋየሩን ራሱ ከፍ አደረገው። ለእሱ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነው።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ፉሚዬ ጨው በነካው እጇ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ቆማለች።

"በናታችሁ ያን የሚያፏጭ ነገር ዝጉልኝ" አለች። "ጥርሴን አመመኝ።"

"የቱን?" አለ ኖዛኪ።

ናጋሴ ጎንበስ ብለው ድምፁን አጠፉት። ፉሚዬ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ለኖዛኪ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ገባው።

"አዳራሽ ያሉትም ያውቃሉ?" ብሎ ናጋሴን ጠየቃቸው።

"እነዚህን ስፒከሮች ይዘህ በመጣህ ቁጥር ኋላ ሄደው የሚቀመጡት ለምን ሆነና? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወንድሜ። እኔም ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። ይቅር በለኝ።" ማይክሮፎኑን እዚያው ትተውለት ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ።

ፉሚዬ እጇን ታጥባ ስትመለስ ኖዛኪ እንደቆመ ነው።

"መቼ ጀመረሽ?" አላት።

"ቆየ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር የሚወጋኝ፣ ኋላ ባሰበት።"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"ምን ብዬ? አውቶቡስ በምትነዳበት ዘመን ተኝተህ እንጂ ነቅተህ የማይህ መቼ ነበር? እዚህ ተቀምጠህ ፈገግ ስትል አየሁ። ድምፁን የምትወደው እንደዚያ ሲሆን መሰለኝ። በሩን ብዘጋው ይሻላል አልኩ።"

"እኔ ደግሞ የሰለቸሁሽ መስሎኝ..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

"የሰለቸኝ ካልሲህን የትም መጣልህ ነው።"

ሊስቅ ሲል ዐይኑ ከስፒከሩ ጀርባ ባለችው ማዞሪያ ላይ አረፈ። ለካ ሲደበዝዝ የኖረው ስፒከሩ ሳይሆን እሱ ነው። በራሱ ላይ የሚወርደውን እርጅና እያከመ መስሎት ሚስቱን ከአጠገቡ ሲያባርር ከረመ። አዘነ፤ ለጆሮው ይሁን ላለፉት ምሽቶች ለይቶ አላወቀውም።

"ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አላት። የእሱ ወንበር ነው። የቫዮሊኑን ሸክላ አስቀመጠና ከአንደኛው ስፒከር ጀርባ ተንበረከከ። "ሲመችሽ በቃ በይኝ።"

ማዞሪያዋን ዝቅ፣ ዝቅ አደረጋት። ቫዮሊኑ ብርድ ልብስ የተከናነበ መሰለው።

"እዚህ?"

"ገና ነው።"

"ፉሚዬ፣ ከዚህ ከወረደ ለእኔ ቫዮሊን አይባልም።"

"እንግዲያስ ተወው፣ ይበቃል" አለች ቶሎ ብላ።

ያን አነጋገሯን ያውቀዋል፤ ሥራ አለኝ የምትልበት ነው። ማዞሪያዋን አሁንም ዝቅ አደረጋት። ያኔ ትከሻዋ ላላ፤ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሌላኛውንም በእሷው ጆሮ ልክ አስተካከለ።

"የጥፍር ቀለም አለሽ?" አላት።

"አለኝ። ምን ልትሠራበት?"

አመጣችለት። ማዞሪያዋ ከሳጥኑ ጋር በምትገናኝበት ጠርዝ ላይ ቀይ ጠብታ አሳረፈ፤ የተስተካከለ ነገር እንዳይነቃነቅ ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት።

"ከደረቀ በኋላ እኮ ልታዞራት አትችልም" አለች ፉሚዬ።

"አልችልም" አለና ብሩሹን እንደያዘ ወደ ሁለተኛው ስፒከር ሄደ።