ያቃተኝ መሪ

የትኛውም መኪና ድምፄን ሲሰማ ግማሹ በሽታው ይለቀዋል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም ትለው ነበር። ከሰባት ከተማ እየተጎተተ የሚመጣ መኪና ጋራዤ በር ላይ ተሰልፎ ይውላል። እሺ፣ ከሁለት ከተማ።

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «ውሃልክ» ይለዋል። ያን ግዙፍ ፒክአፑን አሸዋና ጡብ ጭኖ ሲነዳ፣ ኮፈኑ ላይ ሻይ ቢቀመጥ ጠብ አይልም ይባላል። ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ግን ብዙም አልዋሸሁም።

ያን ቀን የጎን መስታወቱ ተሰብሮ፣ በሩ ላይ የአጥር ቀለም ተለቅልቆ መጣ።

«መሪዋ ላልቷል» አለኝ ከጋቢናው ሳይወርድ። «እኔ ቀጥ ስል እሷ ትዋልላለች። ትናንት የልጅ ልጄን ይዤ አጥር ውስጥ ልትከተን ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። ነገም ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወሬህን ትተህ ሥራ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ብሎን የምፈታው በወሬ ነው። ቁልፍ የምይዘው ለሰው ይምሰል ብዬ ነው።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀባጣሪ!»

እውነትም ላልቶ ነበር። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ ሳወዛውዛቸው የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያዎች እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቁ። በአዲስ ለወጥኳቸው፤ የመሪውን ሳጥን አጠበቅሁ፤ ግሪስ አጠጣሁ። እንዲያ ያለ መሪ በዚህች ምድር ላይ ታይቶ አይታወቅም።

የመጨረሻው ፍተሻ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ጋቢና ሆኖ መሪውን ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ዘንጉን ጨብጦ መላላቱን በእጁ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ! ወደ ቀኝ!» ቅንጣት መላላት የለም። «በቃ፣ አሁን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ፤ እንዳታነቃንቀው።»

ዘንጉ መዳፌ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«እንዳታነቃንቀው አልኩህ እኮ!»

«መቼ አነቃነቅሁት? እንደ ድንጋይ ይዤዋለሁ።»

ሞተሩ ጠፍቷል። ዘንጉ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ክንድ የጨበጥኩ ይመስል። የላላው መገጣጠሚያ ሲውጠው የኖረውን የእጆቹን መንቀጥቀጥ፣ እኔ ያጠበቅሁት ብረት አንድም ሳያስቀር አመጣልኝ። ብስክሌት ስማር ኮርቻዬን ከኋላ የያዙ፣ አባታችን የተቀበረ ቀን ትከሻዬ ላይ ያረፉ እጆች ናቸው።

ከሥር ብዙ ቆየሁ። ዘይት ዓይኔ ገባ፤ አንድ በርሜል የሚያህል ዘይት።

«አንተ! ተኛህ እንዴ?»

ወጥቼ ፊቴን በጨርቅ ጠረግሁ።

«እህ?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን በሕይወቴ ብዬው የማላውቀው ቃል ነው።

«ጋሼ፣ አቃተኝ።»

«አንተን?»

«እኔን። ሻሲዋ፣ አካሏን የተሸከመው ብረት፣ ተጣሟል። ማንም አያቃናውም። ከእንግዲህ ልጅ አይጫንባትም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ስዋሽ እያየ ያሳደገኝ ሰው ነው። ከዚያ እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ከጭኖቹ ሥር ሸሸጋቸው።

«እንግዲህ ሰው ሲጠይቅህም እንዲሁ በል» አለ ቀስ ብሎ። «መኪናዋ ናት በል።»

«እላለሁ።»

«ጮክ ብለህ በል።»

ለዚህማ ማን ብሎኝ! ሻይ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ጉድ ነው! አንዲት ፒክአፕ ዘረረችህ?» አለ አንድ ባለታክሲ። «ለመሆኑ ሻሲዋ ምን ያህል ቢጣመም ነው?»

«የፊቷ ገበያ ሲደርስ የኋላዋ ወደ ወንዝ ይታጠፋል!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። ሻዩ ሳይነካ ይቀዘቅዛል፤ እጆቹ ከጠረጴዛው ሥር ናቸው።

«አሁንስ አጋነንክ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን እንኳ ቀንሼ ነው።»

ብርጭቆውን ወደ እኔ ስቤ ግማሹን ጠጣሁበትና መለስኩለት። ግማሽ ሻይ ቶሎ አይፈስም።