ታች የሌለው ኮፍያ

«ፎርሙላው ከፈተናው ጋር ታትሞ ይመጣል አሉ። ለምን ራስሽን ታደርቂያለሽ?» አለች ሬዲዮ፣ ከማለዳ ጀምሮ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ወሬ ስለማያልቅባት ነው ሬዲዮ የተባለችው።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!»

«ሰው ስም የለውም? ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪ፣ እህቴ» አለች ምላጭ መቀሷን ሳታቆም። ለእሷም ስሙን ያወጣላት አፏ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ሾጣጣ የልደት ኮፍያ በሚሠራበት ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው ካርቶን ይቆርጣሉ። ነገ ሁለቱም በግል ተፈታኝነት ሒሳብ ይፈተናሉ። ምላጭ ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ ስትታመም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማራት የተዋሰችው መጽሐፍ ብቻ ነው። ካለፈች ቴክኒክ ኮሌጅ ትገባለች። ከወደቀች ይኸው መቀስ፣ ይኸው ወንበር።

መሸምደድ ግን አይሆንላትም። የሾጣጣ ይዘት የሲሊንደር ሲሶ መሆኑን ያመነችው፣ ኮፍያውን በአሸዋ እየሞላች፣ አፉም ቁመቱም ከኮፍያው እኩል በሆነ ጣሳ ውስጥ ሦስቴ ገልብጣ ጣሳው ጢም ሲል ነው።

«በልጅነትሽ ያልተጫወትሽውን አሁን ልትጨርሺው ነው?» ብላ እናቷ ስቃባት ነበር።

«እማዬ ሙች፣ ጨዋታ አይደለም። ሲሶ ነው!»

በማግስቱ ፈተናው ላይ ሾጣጣው መጣ። «ጠቅላላ የገጽታ ስፋቱ ስንት ነው?» ይላል። ፈገግ አለች። ኮፍያ አይደል እንዴ! በሐሳቧ ሙጫውን አላቀቀች፣ ካርቶኑን ዘረጋች፣ አሰላች። መልሱም ከምርጫዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ልታጠቁረው እርሳሷን ስታሳርፍ «ጠቅላላ» የሚለው ቃል እጇን ያዛት። ኮፍያውን በሐሳቧ ገለበጠችው። ታቹ ክፍት ነው፤ ራስ የሚገባበት! የፈተናው ሾጣጣ ግን ታቹ ዝግ ነው።

«አንቺ ደነዝ» አለች ለራሷ፣ «ይሄን ማንም ራሱ ላይ አያደርገውም እኮ!»

ፈታኙ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። የታቹን ክብ ደመረችና ሌላውን ምርጫ አጠቆረች።

ደጅ ላይ ሬዲዮ እየሮጠች ደረሰችባት።

«አላልኩሽም? ፎርሙላው በሙሉ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ነበር! ገልብጠሽ አላየሽም?»

ምላጭ ቀጥ ብላ ቆመች። ልቧ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ዳዳው፤ ወረቀቱ ግን ተሰብስቧል። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«እኔ የገለበጥኩት ኮፍያውን ነው» አለች።