የቱን ፊኛ?

ሲራጅ የአባቱን የሽንት ቱቦ ፊኛው እንደተነፋ ጎተተው። ቱቦው ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ደም መጣ፣ ሽንት ቀረ።

ሌላ በሽተኛ ሳይመጣብኝ፣ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ይሄ ቱቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለው። ቱቦው ከገባ በኋላ በጎን ባለችው አፍ በስሪንጅ ውሃ ይሰጠዋል። ውስጥ ሆኖ ያብጥና ቱቦው እንዳይወጣ ይይዛል። ማውጣት ሲፈለግ ውሃው በስሪንጅ ይሳባል፣ ፊኛው ይሟሽሻል፣ ቱቦው ሰተት ብሎ ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

የሚያናድደው፣ ሰውነታችን ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምበትም ስሙ ፊኛ ነው። ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም። ሁለት ነገር፣ ያውም አንዱ ሌላው ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ስም። ቃል ጠፍቶ ነው?

ከተማችን መርሳ በጦርነቱ ከተያዘች ወዲህ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። የምሠራበት ክሊኒክ ፍራሹ ሳይቀር ተጭኖ ሄዷል። ከወለሉ የለቃቀምኩትን በማዳበሪያ ጆንያ ይዤ ቤቴ ነው የማክመው። በሽተኛ ወደ ወልድያ ሆስፒታል መላክ አይታሰብም፣ ከሲሪንቃ ወዲያ መንገዱ ዝግ ነው። ስለዚህ ሁሉም መልእክት የሚሄደው በሰው አፍ ነው።

ግራና ከምትባለው መንደር ሁሪያ ቅቤ ልትሸጥ መጥታ በሬን አንኳኳች። ሽንት ያለ ቱቦ የማይወጣላቸው ሼህ አብዱልሐሊም ትኩሳት ይዟቸዋል አለች። ቱቦው ጊዜው አልፎ ሸቷል፣ ልጃቸው ሲራጅ እኔው አወጣዋለሁ እያለ ነው። እሳቸው ደግሞ ይሄን የሽንት ኮረጆ አንጠልጥዬ እንዴት እሰግዳለሁ እያሉ ቤቱን አስጨንቀውታል። ደጄ ላይ ቁስለኛ ተደርድሮ ነበር። ቆሜ ነው የመለስኩላት።

"ነገ እመጣለሁ፣ እንዳይነካው በይው። የግድ ከሆነበት ግን ፊኛውን ባዶ ሳያደርግ እንዳይጎትት።"

ሁሪያ ቁርኣን እንደሚቀራ ደረሳ ቃል በቃል ቀራችልኝ። ግራናም አንድ ቃል ሳታጎድል አደረሰችው። ብታጎድል ይሻል ነበር።

ሲራጅ እስከ ነገ መጠበቅ አልሆነለትም። የተባለውን ግን አደረገ። አባቱን አስማጣቸው፣ ከእምብርታቸው በታች ተጫናቸው፣ ከረጢቱን ከፍቶ ጠብ እስከማይል አንጠፈጠፈ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጎተተ።

በማግስቱ በእግሬ ወጣሁ። ባጃጅ የለ፣ ምን የለ። ኬላ ላይ አንዱ ወታደር ቦርሳዬን በርብሮ የትኩሳት ክኒኔን ወሰደ። ለማን እንደሆነ ነገርኩት፤ እኔም ያመኛል አለ። ጊዜ አልነበረኝም፣ ትቼለት ሄድኩ።

ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ይገፋ ይላል፣ አንዱ በደንብ ይሳብ ይላል። አንዷ የአብሽ ውሃ በላይ በላዩ ስታጠጣቸው ኖሯል፣ መውጫ ለሌለው ሰው። ብርጭቆዋን አስጨብጬ አስወጣኋት፤ ሌሎቹንም። ሲራጅና እናቱ እቴት ሀስና ቀሩ።

የሼሁ ሆድ ከእምብርት በታች እንደ ቅል ተወጥሯል። ግንባራቸው ያቃጥላል። ይባስ ብለው እኔን ያጽናኑኛል፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ።

ወደ ሲራጅ ዞርኩ።

"ፊኛውን ባዶ ያድርግ ብዬ አልላክሁም?"

"አደረግኋ፣ ሲስተር። ወላሂ ጠብ አይልም ነበር።"

"የቱን ፊኛ?"

"ሰው ስንት ፊኛ አለው?"

ሼሁ ከነሕመማቸው ሳቁ። "እኔስ አንድ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ሲያረጁ ይጨመራል መሰለኝ።"

ልጁ እንዳልኩት ነው ያደረገው። የምጮህበት ሰው አጥቼ ጓንቴን አጠለቅሁ።

መጀመሪያ ቱቦውን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ለመመለስ ሞከርኩ። አልሄደም። ሼሁ እጄን ያዙኝ፣ ደሙም ጨመረ። ተውኩት። ስሪንጁን ከጎኑ አፍ ላይ ሰክቼ ውሃውን ሳብኩ። አልመጣም። አፉ ላይ ያለችው መዝጊያ ተጣብቃለች። ጠመዘዝኳት፣ ነካካኋት፣ ሰደብኳት። ወይ ፍንክች።

የቀረው ያን አፍ በመቀስ መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ ውሃው በራሱ ይወጣል። ግን የተቆረጠ ቱቦ ተመልሶ አያገለግልም፣ ሌላ ደግሞ የለም። እኔ ጋ የለም፣ መርሳም የለም።

እቴት ሀስና መቀሱን ስታይ ተነሳች። ያለችን ቱቦ እሷ ናት አለች። ቀቅለን መልሰን እናስገባታለን፣ እንዳትቆርጫት። ሲራጅም ከሷ ጋር ሆነ፣ አንድ ጊዜ ልሞክር ይላል። ቀና ብዬ ሳየው እጁን ሰበሰበ።

ሼሁ ናቸው የጠየቁኝ። "ካልተቆረጠስ?"

"ለነገ አይደርሱም።"

"እንግዲያ ምን ያከራክራል? ከተቆረጠስ በምን ልሸና ነው?"

ከቦርሳዬ ቀጭን ቱቦ አወጣሁ። በአፍንጫ ወደ ሆድ የሚገባ፣ መብላት ላቃተው ሰው ምግብ የሚሰጥበት ነው። ዘራፊዎቹ ለምን እንደሚሆን ስላላወቁ ጥለውት ሄደዋል። የቆሰለውን መንገድ ይለፍ አይለፍ አላውቅም፣ ካላለፈም ሌላ ነገር አልያዝኩም። እንደዚያው ነገርኳቸው።

"የአፍንጫውን?" አለች እቴት ሀስና። "እዚያ?"

"እቴት፣ አሁን በዚህ አገር በቦታው ያለ ነገር አለ?"

ተመልሳ ተቀመጠች። ሼሁ ቁረጪ ብለው በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ። ቆረጥኩ።

ምንም። ጠበቅን። ሲራጅ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። አንድ ጠብታ መጣ። ቆየና ሌላ። ከዚያ ይንጠባጠብ ጀመር፣ ቱቦውም እጄ ላይ ላላ። ስስበው ወጣ፣ የረጋ ደም ተከተለው።

ቀጭኑን ቱቦ ቫዝሊን ቀብቼ አስገባሁ። መሃል ላይ ያዘ። መግፋት አልፈለግሁም፣ የተገፋው ይበቃል። በረጅሙ ይተንፍሱ አልኳቸው። እሳቸው ተነፈሱ፣ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ትንሽ ሄደ። እንደገና ተነፈሱ። አለፈ።

ሽንቱ ደም ቀላቅሎ ከታች ያስቀመጥኩት ጆግ ውስጥ ወረደ። ሲራጅ ሌላ ጆግ አመጣ። እሱም ሞላ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ይሄኛው ቱቦ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለውም፣ ቢያስሉ እንኳ ይወጣል። ፕላስተርም አልነበረኝም። የሻሼን ጫፍ ቀደድኩና ቱቦውን ከጭናቸው ጋር አሰርኩት።