የሬይ ቤት የብር ዋንጫዎች

ዶርካስ ሜትካልፍ የሬይ ቤተሰብን የብር ዋንጫዎች መወልወል ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትንሿን፣ ባለ ሁለት ጆሮዋን፣ ብላክ ሜግ የምትባል ባዝራ ናት ያሸነፈቻት፤ ያኔ የዮርክሸር ሰው ፈረሱን ከጎረቤቱ ፈረስ ጋር በባዶ ሜዳ ያሽቀዳድም ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቤተሰቡ እንዳለ ዮርክ ከተማ ለፈረስ እሽቅድምድም ሄዷል። ዶርካስ ስድስቱን ዋንጫዎች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ከመካከላቸው ትንሿን የሳሙና ውሃ ባልዲ ውስጥ እንደነከረቻት፣ የጓሮው በር ተንቋቋ። ያ በር በትከሻ ሽቅብ ካልተደገፈ አይከፈትም፤ እንግዳ ሰው ሲታገለው ይውላል። የዛሬው ግን ባንዴ ከፈተው።

ፊታቸውን በሹራብ ኮፍያ የሸፈኑ ሁለት ሰዎች ገቡ።

“ድምፅሽን እንዳልሰማ፣ ሴትዮ!” አለ ረጅሙ። የብረት ዘንግ ይዟል።

በሩን የከፈተው አጭሩ ነበር። ግራ እግሩን ጎተት ሲያደርግ አየችና አወቀችው። ክሊፍ! የጎረቤቷ የሄስተር ልጅ፤ ፈረስ ረግጦት እስኪያነክስ ድረስ እዚሁ የፈረስ ጋጥ ውስጥ የሠራ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ሻይ የጠጣ። እንዳወቀችው ቢያውቅስ? ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

ዋንጫዎቹን ጆንያ ውስጥ ወረወሯቸው።

“ያቺ የድሮዋ የታለች?” አለ ረጅሙ።

“ጌ... ጌቶች ዮርክ ይዘዋት ሄደዋል።”

“ትዋሻለች!” ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አጮኸው።

ክሊፍ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለ። አረፋው ሳስቶ የዋንጫዋ አንድ ጆሮ ብቅ ብሏል። አየው። ቀና ሲል እሷም ሳታስበው ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እንዳወቀችው አወቀ።

“ምን አለ እዛ?” አለ ረጅሙ።

“እጣቢ ነው” አለ ክሊፍ፣ ድምፁን አጎርንኖ። “ና እንሂድ።”

ፖሊሶቹ ሲጠይቋት “ፊታቸውን አላየሁም” አለች። ቤቷ ገብታ በሩን በቁም ሳጥን ደገፈችው። ሦስት ቀን እህል አልወረደላትም፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ትበረግጋለች።

እሑድ ሄስተር ኬክ ይዛ መጣች። “ምን ነካሽ አንቺ? ክሊፍ እንኳ ‘እትዬ ዶርካስ እንዴት ናት? ምን አለችሽ?’ እያለ ነጋ ጠባ ይጠይቀኛል።”

ዶርካስ ሳህኑን ተቀብላ ኬኩን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። አሳስቦት ነው ወይስ ሊጨርሳት? ሄስተር እንደወጣች በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሄደች።

ሁለቱም ተያዙ። የተሰረቁት አምስት ዋንጫዎች አንድ ጎተራ ውስጥ ተገኙ፤ ከእነሱም ሁለቱ ጆንያው እንዲበቃቸው በእግር ተረጋግጠው ተጨፍልቀዋል።

ፍርዱ በተሰጠ ማግስት ሄስተር አጥሩ ጋ ጠበቀቻት።

“ልጄ አድኖሽ ነበር እኮ፤ ዋንጫዋን አይቶ እንዳላየ የሆነው ያ ሰውዬ በዘንጉ እንዳይመታሽ ብሎ ነው” አለቻት።

“አውቃለሁ፣ ሄስተር። አሁን አውቃለሁ” አለች ዶርካስ። “ያኔ ግን ፈራሁ።”

ሄስተር ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች።